የደምሴ መዶሻ

ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ጌም ቤት የማይጠፋ ደምሴ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ጌም ላይ ያሳደግሁትን ተዋጊ አየና፣ «በዚህች ጩቤ ነው ዘንዶ የምትገጥመው? ጌሙ ላይ ያለው መዶሻ እኮ በአንድ ምት አምስት እጥፍ ይጎዳል» አለኝ። ጌሙ አንዴ የሞተን ተዋጊ ለዘላለም ስለሚሰርዝ ፈራሁ። «ፍጥነቱስ?» አልኩት።

«በአንድ ምት ለሚገድል መሣሪያ ፍጥነት ምን ያደርግለታል? አስልቼዋለሁ።»

እኔ ሞኙ ጩቤዬን በመዶሻ ለወጥኩ። መዶሻውን ገና ወደ ትከሻዬ ሳነሳ ዘንዶው ነክሶ ነክሶ ጨረሰኝ፤ የክረምት ልፋቴ ከነስሙ ጠፋ። ተናድጄ ወደ ደምሴ ዞርኩ። እሱ ግን ሳያፍር፣ «ስሌቱ ልክ ነው፤ ቢያርፍበት ኖሮ ይሞት ነበር» አለኝና አጠገባችን የሚጫወተውን ባለባጃጅ መዶሻ እንዲይዝ ይመክር ጀመር። የገረመኝ፣ አሟሟቴን በዓይኑ ያየው ባለባጃጅ «እውነትህን ነው» እያለ ማዳመጡ ነው።