ለሠርጉ ወለል የታሰበው ዋንዛ

ሰው ምክር የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ መጋዙን ከተዋሰ በኋላ ነው። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ወደ ዓባይ ማዶ በሚሻገር ባጃጅ ውስጥ ነው። ድልድዩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ረጅም መጋዝ ከባጃጁ ግራና ቀኝ ወጥቶ አየሁ። ከመጋዙ ኋላ የቤት አከራዬ ጋሼ ዳኘው ተቀምጠዋል።

«ግባ እንጂ! ጥርሱ ወደ ውጭ ነው፤ አይነክስህም» አሉኝ።

«ምን ሊቆርጡበት ነው፣ ጋሼ?»

«ዋንዛውን። ለልጄ ለምሥጋና ሠርግ የሳሎኑን ወለል ጣውላ አለብሰዋለሁ። መጋዙን ከአናጺው ከደሞዝ ተዋስሁ።»

ልቤ ደነገጠ። የክፍሌ መስኮት የሚያየው ያን ዛፍ ብቻ ነው። መጽሐፍ ይዤ ሥሩ ተቀምጬ፣ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ወፎቹን ሳዳምጥ የመሸብኝ ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን የተከራይ ሐዘን ዛፍ አያድንምና ገብቼ ከመጋዙ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ግቢው ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ ዋንዛው ሥር ሽንብራ ይለቅማሉ። አጠገባቸው የጋሼ ዳኘው የወንድም ልጅ ቃልኪዳን ተቀምጣለች፤ በቴክኒክ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ የምትማር ልጅ ናት። መጋዙን አየችና፣

«አጎቴ፣ ከማን ጋር ተጣሉ?» አለች።

«ከሳሎኑ ሲሚንቶ ጋር! ስሚ ልጄ፤ በወጣትነቴ ለአንድ ሀብታም ጨርቅ እንዳደርስ ተላክሁ። የሳሎኑ ወለል ጣውላ ነው፤ ፊት ያሳያል። ጫማዬን ባወልቅም ‹እዚያው ቁም› ብለው ጨርቁን ደጅ ተቀበሉኝ። ያን ዕለት፣ በገዛ ቤቴ የጣውላ ወለል ሳልረግጥ አልሞትም አልሁ።»

ያን ጊዜ ዛፉን ሊጥለው የመጣው መጋዙ ሳይሆን ያ ደጃፍ እንደሆነ ገባኝ።

ቃልኪዳንም አልሳቀችም። «እንግዲያውስ መርገጡን ይርገጡ። ዋንዛውን ግን ይተዉት፤ ወለሉን ቀርከሃ እናልብሰው» አለች።

«ቀርከሃ? ቀርከሃ የአጥርና የቅርጫት ነው። እኔንና አገርነሽን እንደ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ልትከቺን ነው?»

«እኔን ከዶሮው አይደምሩኝ፣ አንቱ!» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

ቃልኪዳን ከቦርሳዋ አንድ ቁራጭ ሰሌዳ አወጣች። «ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ በማጣበቂያ ሲታመቅ እንዲህ ይሆናል። በመዶሻ ይምቱት።»

መቱት። መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት።

«ምስጡስ?»

«ምስጡን የሚስበው የቀርከሃው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲቀቀል ይወጣል፤ መድኃኒትም ይነከራል። ግን አልዋሽዎትም፤ ውኃ ከተኛበት ይበላሻል። ለመታጠቢያ ቤት ድንጋይ ይሻላል።»

የሚጎድለውን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ይታመናል። ጋሼ ዳኘው ሰሌዳውን አልመለሱላትም።

«ይህ ዋንዛ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«ሠላሳ ሁለት። አገርነሽ ናት የተከለችው።»

«ቀርከሃ በአራት ዓመት ለወለል ይደርሳል። ሲቆረጥ ከሥሩ መልሶ ይበቅላል። አዊ ያለው ገበሬ ዘንድሮ ቆርጦ ይሸጣል፤ ጫካው ግን በቦታው ነው።»

«ዋንዛ ግን ዋንዛ ነው!»

«ይሁን፤ ዛሬ ይቁረጡት። ጥር ላይ ለሠርጉ ሲነጠፍ ገና እርጥብ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፤ ያልታጠበ አቡጀዲ በልክ ቢሰፋ ምን ይሆናል?»

«ሲታጠብ ያጥራላ!» አሉ ሳያስቡት።

«እርጥብ ጣውላም ሲደርቅ እንዲሁ ነው። ይሰበሰባል፣ ይጣመማል፤ መሀሉ ጣት ያስገባል። አማቶችዎን ያ ወለል ይቀበላቸው?»

ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ጨርቅ ሲሸምኑ ኖረው ጡረታ የወጡት ሰው በገዛ ሙያቸው ተረቱ። ቢሆንም መጋዙ አሁንም በእጃቸው ነበር።

ወይዘሮ አገርነሽ ሽንብራውን አስቀመጡ። «የሀብታሙን ሳሎን አላየሁትም። የእኛ ሳሎን ግን እስከ ዛሬ ይህ ጥላ ነው። እርስዎ ከሥራ ደክመው ሲመጡ የሚያርፉት እዚህ፣ ምሥጋና ዳዴ ያለችው እዚህ። በዚህ ጥላ ሥር ማንንም ‹እዚያው ቁም› ብለን አናውቅም።»

ጋሼ ዳኘው ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ምን ቆመሃል? ባጃጅ ጥራና መጋዙን ለደሞዝ መልስለት።»

እንዲህ ሮጬ አላውቅም።

ጥር ሲመጣ የቀርከሃው ወለል ተነጥፎ እንደ ማር ያበራ ነበር። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ የወይዘሮ አገርነሽን ጉልበት መቆርጠም ተወ። ዋንዛው በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ስለሚያጠላ ቤቱ በቀትርም ይቀዘቅዛል። ወፎቹም ቤታቸው አልፈረሰባቸውም። ቤትን ለማሳመር የግድ ሌላ ነገር ማጥፋት እንደማያስፈልግ ከዚያ ግቢ ተማርሁ።

በሠርጉ ዕለት ደፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ልፈታ ስል ጋሼ ዳኘው ክንዴን ያዙ።

«ተው! በጫማህ ግባ። በዚህ ቤት ደጅ የሚቀር ሰው የለም።»

እሳቸው ራሳቸው ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ በተረከዛቸው ወለሉን እየመቱ ያዳምጡታል። ነገር ግን እንግዳው ለሳሎኑ በዛና ግማሹ ወጥቶ ዋንዛው ሥር ተቀመጠ። ጋሼ ዳኘው በመስኮት አይተው ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቆርጬው ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁሉ የት አስቀምጣቸው ነበር?»