ከወረቀት የሠራነው ማሽን

«እሳቸው ሲወጡ ቦታ ይሰፋል።»

ባለፈው ሳምንት ከወረቀት ቁልሉ ጀርባ ቆሜ ይህን ሰማሁ። ተናጋሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ኬካቸውን በትኩረት እየመረመሩ ነው። መቁረጫ ማሽን አጠገብ ያረጀ ሰው ጆሮው አይሰማም ብላችሁ ይሆናል። ይሰማል። እኔ የተውኩት መልስ መስጠቱን ነው።

ነገሩን እንደተባለው ወሰድኩት። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ሜትሬን አውጥቼ ጥጌን ለካሁ፤ ጠረጴዛዬን፣ በርጩማዬን፣ ኮቴን የምሰቅልበትን ምስማር ሳይቀር። እውነት ነው፣ ይሰፋል። አዲሱ ማሽን በደንብ ይቀመጥበታል፤ ፊቱ የሚቆመው ሰውም ክርኑ ግድግዳ አይነካም። ልኩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፌላችኋለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ማሽን አጥፍታችሁ፣ ደንበኛውን ነገ ተመለስ ብላችሁ፣ እኔን ለመሸኘት በሥራ ሰዓት ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህ ማተሚያ ቤት በሥራ ሰዓት ዝም ሲል የማውቀው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን «ስለ ራስዎ ይናገሩ» ብላኛለች። ስለ ራሱ ሲናገር የሚያምርበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ስለ ማሽን እናገራለሁ።

እታለምን የምታውቋት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ጥቂት እጆች አያለሁ። ሌሎቻችሁ ወንበሯን ታውቃላችሁ፤ መስኮቱ ሥር ያለውን፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈውን። ከዚህ ቤት የሚወጣውን የጥሪ ካርድ ሁሉ እዚያ ተቀምጣ የምታጥፈው እሷ ነበረች። ወፍራም ወረቀት እንዲሁ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይላጣል፤ ሙሽሮቹ ገና ሳይጋቡ መሃላቸው ነጭ ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ከመታጠፉ በፊት ሰርጎድ ያለ መስመር ይፈልጋል። ዛሬ ክሪዚንግ እንለዋለን። ያኔ እንዲህ ያለ ስም አልነበረውም፤ እታለም ነበረች። ማስመሪያ ታስደግፋለች፣ ዳሩ በተለሰለሰ አጥንት መስመሩን ትጫነዋለች፣ ካርዱን ታጥፋለች፣ ቀጣዩን ትስባለች።

አንድ ክረምት የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ። በጨርቅ ጠቅልላው ትመጣ ጀመር።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አልኳት።

«እጅሽን አሳርፊው አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«ከነገ ጀምሮ ቤት ትቼው እመጣለሁ።»

ሳቅን። ግን ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ አንጓ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አንጓው እምቢ ካለ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን የሥራ አስኪያጃችን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሼ፣ አንድ ማሽን እንግዛ አሉ። አንድ ብቻ፤ አቅማችንም ቤታችንም ከዚያ በላይ አይችልም። ሻጩ ካታሎግ ይዞ መጣ። አንደኛው ገጽ ላይ በመብራት የሚሠራ ትልቅ መቁረጫ፣ ሌላኛው ላይ ክሪዚንግ ማሽን። እኔ ቆራጭ ነኝ፤ ዓይኔ የት እንዳረፈ መናገር አያስፈልግም። ካታሎጉን ሻጩ ራሱ ነው ከእጄ ያስለቀቀኝ።

«ክሪዚንጉ ይገዛ» አለች እታለም።

«መጀመሪያ ካልተቆረጠ ምን ይታጠፋል?» አልኩ።

«ሲቆረጥማ ኖሯል። በአሮጌው ስትቆርጥ አልነበር እንዴ?»

«ጠማማ ነዋ የሚቆርጠው።»

«ማሽኑ ነው ጠማማው?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሊፈርዱ ሲሉ መነጽር ያወልቃሉ፤ የሚያስከፉትን ሰው ፊት ላለማየት ይመስለኛል። ለመቁረጫው ፈረዱ።

ግን ቦታው ይበቃዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ሜትር አውጥቶ ይለካል። እኛ የወረቀት ሰዎች ነን፤ ማሽኑን በወረቀት ሠራነው። ከካታሎጉ ልኩን ወስደን፣ ግቢ ውስጥ ካርቶን ከካርቶን አጣብቀን፣ የማሽኑን ርዝመትና ወርድ ቅንጣት ሳናዛባ ቆረጥን። «ሚሊሜትር» የሚለው ስሜ የወጣልኝ ያን ቀን ነው። ካርቶኑን ወደ ውስጥ አስገብተን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ልክክ አለ። በዙሪያው ተንሸራሸርን። ጋሼ አጠገቡ ቆመው ወረቀት እንደሚቆርጥ ሰው ሆነው አሳዩን፤ ሻጩ አጨበጨበ። እታለም መስመሯን እየተጫነች አየችን፤ ቀጣዩን ካርድ ሳበች።

ማሽኑ በጭነት መኪና መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። በፊት ሞከርነው፣ በጎን ሞከርነው፤ ሻጩ በምክር ሞከረው። እምቢ አለ።

«ካርቶኑ ገብቶ ነበር እኮ» አሉ ጋሼ።

ገብቶ ነበር። አጥፈነው፣ ብብታችን ሥር ይዘነው ነበር የገባነው።

ግድግዳውን እናፍርስ ያለ ሰውም ነበር፤ አከራዩ እዚያው ቆመው ስለነበር ሐሳቡ አልገፋም። ሻጩ ትልቁን መቁረጫ ይዞ ተመለሰና በበሩ የሚያልፈውን አመጣ፦ ክሪዚንግ ማሽኑን፣ ከእሱም ጋር በእጅ የሚጫን ትንሽ መቁረጫ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ያለው በዚያች መቁረጫ ነው። ልብስ ሰፊዬ ያውቃል።

እታለም የክሪዚንጉን እጀታ በግራ እጇ ተጫነችው። መስመሩ ወጣ፣ ካርዱ ታጠፈ፣ አልተሰነጠቀም። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ አርፎ ነበር። ያ እጅ በሥራ ሰዓት ሲያርፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እያደር አንጓዋ ዳነ፤ ልጆቿንም ለወግ ለማዕረግ አበቃች።

ከርሞ፣ ኩርፊያዬ ሲበርድልኝ፣ ጠየቅኳት።

«ማሽኑ በበሩ እንደማይገባ ታውቂ ነበር?»

«በሩን ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ትዝ የሚለኝ የዚያ ዘመን ድምፅ ነው። የእሷ ማሽን ጠቅ ይላል፣ የእኔ ጭርጥ ይላል። ሳንነጋገር ውለን ብዙ ያወራን ይመስለን ነበር። የእሷ ጠቅታ ሲቋረጥ እኔም ቀና እላለሁ፤ ወይ ሻይ ደርሷል፣ ወይ ከሥሯ የቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ የተኛች አንዲት ሕፃን ነቅታለች። ያቺ የጋሼ ልጅ ዛሬ ደመወዛችንን ትፈርማለች። ፀጉሯ ውስጥ የወረቀት ብጣሽ ሳላይ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነበር፤ አሁን አታፍሪ፣ ልጄ።

እታለም ጡረታ ስትወጣ ንግግር አላደረገችም። አጥንቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የበሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፣ «በርታ» ብላኝ ሄደች። ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ማንም አትቀመጡ አላለም፤ እንዲያው አልተቀመጥንም።

አሁን ደግሞ መምረጡ የእናንተ ተራ ሆነ፤ መቁረጡንም ክሪዚንጉንም አንድ ላይ የሚሠራ መረጣችሁ። ስትመርጡ አይቻችኋለሁ። እኛ ያላሰብነውን ሁሉ አሰባችሁ። የራሳችሁን ወፍራም ወረቀት ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሄዳችሁ፤ መስመር አስወጥታችሁ፣ አጥፋችሁ፣ እጥፋቱን በጥፍራችሁ ፈተሻችሁት። ቁልል አስቆርጣችሁ የላይኛውን ወረቀት ከታችኛው ጋር አስተያያችሁ። ስለቱ ሲደንዝ ማን እንደሚስለው ጠየቃችሁ። ሁለት እጅ ካልተጫነው ስለቱ እንደማይወርድ ሞከራችሁ። እሰየው፤ የጣት መለዋወጫ የትም አይሸጥም። እኔንም ጠየቃችሁኝ፤ ስለ ስለቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጥጌ። የማውቀውን መለስኩ።

ታዲያ ቅር ብሎኝ ነው የምሄደው? ትንሽ። ከዚህ ቤት ምንም ሳይቀርብኝ ብሄድ ነበር የሚያሳዝነኝ።

እጃችሁ ይባረክ። ከነሙሉ ጣታችሁ ለጡረታ ያብቃችሁ። ደንበኛችሁ ካርዱ ከታተመ በኋላ ቀኑን የማይቀይር ይሁን። ልጆቻችሁ ለወግ ይብቁ፤ የጥሪ ካርዳቸውንም እዚሁ ያሳትሙ። እርጅናችሁ በደንብ መስመር እንደወጣለት ካርድ ይሁን፤ ይታጠፍ፣ አይሰንጠቅ።

ማሽኑ ሰኞ ይመጣል። እታለም ከሄደች ወዲህ በሩን ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ስለ በሩ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።