ሁለት ጨዋዎች በአንድ ገመድ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ እንደ ልማዴ ብቻዬን ወደቡ አጠገብ፣ ራስ ዲካ የባሕር ዳርቻ ተቀምጬ መርከቦቹን እያየሁ ሳለ ከኋላዬ የማውቀው ሳል ተሰማ። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ አብረውኝ የሚኖሩት፣ የሬዲዮና የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ጋሽ ካሣ ናቸው። አጠገባቸው የዓሣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች።

«ና እስቲ አልአዛር፣ ፍረደን» አሉኝ።

«ፍርድ ምን ያደርግልኛል?» አለች ሴትየዋ። «ጋሽ ካሣ፣ ሳጥንዎ ባሌን ባሕር ውስጥ ከቶታል።»

ኤሌኒ ትባላለች። ሄሮን በሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ባሏ ኢዮስያስ ከሞጆ አትክልት በቀዝቃዛ መኪና የሚያመጣ ሹፌር ነው። ሲም ካርዱ ድንበር ሲሻገር ይሞታል፤ ስለዚህ ያላት ጋሽ ካሣ መኪናው ላይ የገጠሙት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ያ ሳጥን፣ ብቻ ነው። ሳጥኑ በሁለቱም አገር በሚሠራ የራሱ ሲም የጭነቱን ቅዝቃዜና የመኪናውን ቦታ ይልካል፤ እሷ በስልኳ የባሏን ነጥብ ታያለች። ነጥቡ ከድንበሩ ወዲህ ያለችውን ዲክሂልን ሲያልፍ አሠሪዋን ማዳምን ፈቃድ ትጠይቃለች። ባለፈው ጉዞ ግን ነጥቡ ዘሎ ባሕር ገባ። ተበላሽቷል ብላ ቀረች። እሱ ከተማው መግቢያ፣ የጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ ፒኬ 12 ላይ ሲጠብቃት ውሎ፣ አራግፎ ተመለሰ።

«ነገ ይመጣል፤ አሁን ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ወረፋ ይዟል። እሑድ እነማዳም ወደ ፈረንሳይ ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ ሦስት ወር። ማዳም አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የምትፈቅድልኝ። ነጥቡ ነገም ከዋሸኝ…»

ዓሣው እንዳይበላሽ ፈጥና ሄደች።

«ጋሼ፣ በአንድ ገመድ ስንት ዕቃ ነው ያገናኙት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሁለት፤ ጂፒኤሱንና የሙቀት መለኪያውን። መሃላቸው ማዞሪያ አለ፤ ወደ አንዱ ሲዞር ያኛው ዝም ይላል። ሁለቱንም ድራይቨሮች በእጄ ነው የጻፍኳቸው።»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ድራይቨር ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ውስጥ ተቀምጦ የአንድ ዕቃ ጉዳይ ፈጻሚ የሆነ ፕሮግራም ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ይህን ያስተማረኝ ብቸኝነትና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

«ሁለቱ ባንድ ጊዜ ቢመጡስ?»

«እኔ ባለጌ ድራይቨር አልጽፍም! ወደ ገመዱ ከመግባቱ በፊት እዚያ ያኖርኩትን ምልክት ያያል። ‹ተይዟል› ካለ ይጠብቃል፤ ‹ባዶ› ካለ ‹ተይዟል› ብሎ ይገባል።»

«ሁለቱም እኩል ቢያዩስ? ሁለቱም ባዶ ነው ብለው ይገባሉ። አንዱ ማዞሪያውን ወደ ጂፒኤሱ አዙሮ መልሱን ሳያነብ፣ ሌላው ወደ ሙቀቱ ያዞርበታል። ያኔ የአትክልቱ ቅዝቃዜ እንደ ቦታ ይነበባል፤ ኢዮስያስም ይሰምጣል።»

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ! በማየትና በመግባት መሃል እኮ የዓይን ቅጽበት እንኳ አይሞላም።»

«ለማሽኑ ሰፊ ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው ከመግባታቸው በፊት ትንሽ እንዲቆዩ አደርጋለሁ።»

«መቆየቱ ስሕተቱን ብርቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ያቺ ብርቋ ነገ ብትሆንስ? መቀርቀሪያ ነው የሚያስፈልገው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «መቀርቀሪያ ለሌባ ነው! እነዚህ አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። እናንተ ተማርን ባዮች መተማመንን ልታጠፉ ነው የመጣችሁት።»

ሽማግሌ ማስቀየም አልወድም። ኤሌኒ ግን ከሩቅ ትታየኝ ነበር፤ በአንድ እጇ ዘንቢሉን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ትሄዳለች። የናፈቀ ሰው ከኋላው ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ የግቢያችን መታጠቢያ ቤት ምን በር አለው?»

«መጋረጃ ነዋ። በግራም በቀኝም።»

«እንዴት ነው የምንገባው?»

«ውጭ ቆመን ‹እህ እህ› ብለን ስለን። መልስ ካጣን እንገባለን።»

«ታዲያ የዚያን ዕለት፣ እርስዎ በግራ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘቢባ በቀኝ…»

«እሱን አታንሳ!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ ግን ትከሻቸው በሳቅ ተናጠ። «ሳላችን ገጠመና አንዳችን የሌላውን ሳንሰማ ቀረን። በባልዲው ነው አናቴን ያለችኝ!»

«ከሁለታችሁ ሌባው ማን ነበር?»

«እግዚኦ! እሷ ሐጂ፣ እኔ ዲያቆን የነበርኩ ሰው!»

«ጨዋነት ጎድሎ አይደለማ። በማየትና በመያዝ መሃል ክፍተት ስላለ ነው። ከርነሉ ውስጥ ያለው መቀርቀሪያ ማየቱንና መያዙን አንድ ድርጊት ያደርጋቸዋል፤ አንዱ ሲይዘው ሌላው ውጭ ይቀራል።»

ጋሽ ካሣ የሠራ ሰው ብቻ የሚያስበውን ጠየቁ፦ «የገባውስ ራሱን ስቶ ቢወድቅ? ግቢው ሙሉ ሳይታጠብ ሊቀር ነው?»

«የያዘው ጉዳዩን ጨርሶ ቶሎ ይውጣ። ዕቃው መልስ ቢነፍገው እንኳ ከፍቶ ይውጣ። አንዱን በር ዘግቶ ሌላ የተዘጋ በር አይጠብቅ። መቀርቀሪያውም በድራይቨሮቹ እጅ አይሁን፤ ማዞሪያውን የሚነካ አንድ ጠባቂ ብቻ ይኑር፣ እነሱ እሱን ይጠይቁ።»

«ብንሳሳት ነጥቡ ጨርሶ ይጠፋል» አሉ በዝግታ። «ያ ከባሕሩም ይብስባታል።»

«አዎ» አልኩ። አልዋሸሁም።

ስለዚህ አስቀድመን ቤታቸው ባለው ትርፍ ሳጥን ሞከርን። በአሮጌው አሠራር ሁለቱን ድራይቨሮች አሥር ሺህ ጊዜ አጋጨናቸው፤ ነጥቡ ዘጠኝ ጊዜ ባሕር ገባ። በአዲሱ ያንኑ ያህል አጋጨናቸው። አንድም ጊዜ አልገባም። ጋሽ ካሣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘጠኝ ጊዜ! እኔ ይሄን ሰውዬ ስንቴ አስምጬዋለሁ! ላክለት፣ አሁኑኑ ላክለት።»

ጋላፊ ለቆመው መኪና ሳጥን አዲሱን ፕሮግራም በኢንተርኔት ላክንለት።

ዓርብ ነጥቡ ዲክሂልን አለፈ፤ ኤሌኒም ፈቃዷን ጠየቀች። እኔና ጋሽ ካሣ ሳጥኑን ልናይ ፒኬ 12 ስንደርስ፣ ቀድማን በጭነት መኪናዎቹ መሃል ቆማለች። ኢዮስያስ ከነአቧራው ወረደ። አልሮጡም። የነጠላዋን ጫፍ አውጥታ ፊቱን፣ ቅንድቡን፣ ጆሮውን ሳይቀር ትጠርግለት ጀመር። ስልኳ አጠገቧ ባለ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አያየውም።

ጋሽ ካሣ አላስቻላቸውም። «ይኸውልህ ኢዮስያስ፣ መቀርቀሪያ አለማመን መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ጨዋዎች ሳያውቁ እንዳይበዳደሉ ነው! ከእንግዲህ የአትክልትህ ቅዝቃዜ በትክክል ይመዘገባል፣ መንገድህ በትክክል ይታያል፣ ሦስተኛ ዕቃ ብንጨምርም ጠባቂው ተራ ያስይዘዋል። ነገ ለግቢያችን መታጠቢያ ቤትም በር ከነመቀርቀሪያው አስገጥማለሁ…»

ማንም አልሰማቸውም። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ከዲክሂል በኩል መኪና በመኪና ላይ ይመጣል፤ ለኔ የሚሆን ሰው የያዘ ግን አንድም የለም። ቢሆንም እስኪመሽ ቆሜ አየሁ።