ሙሉ ስማችሁን ጻፉ፦ የወይዘሮ አርዲስ ዴትመር ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ ከሊንከን ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ የወንድሜ ሚስት የነበሩትን የወይዘሮ አርዲስ ሉድሚላ ቭራና ዴትመርን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት እኔ ቨርን ዴትመር ነኝ። ታዘዝኩ ያልኩት አውቄ ነው፤ ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን ልጃቸውን ካርላን አስጠርተው፣ «ቨርን ያንብበው፤ እሱ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ሰው ሁሉ ያውቅበታል» ብለዋታልና። እንግዲህ ጆሮዬን እያያችሁ አዳምጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ አርዲስ የመሩት ፋውንዴሽን ሰብሳቢ አቶ ኖርበርት ላንግ፣ የማነበው ሁሉ እንደማይጥማቸው እያወቁ መጥተዋልና ስለ መምጣታቸው አመሰግናለሁ።

ወይዘሮ አርዲስ ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ቭራና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉድሚላ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በሉፕ ወንዝ ዳር ባለው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በቆሎ ዘርተው ከብት የሚያደልቡ ገበሬ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ የመንደራችን ስልክ አገናኝ ነበሩ። ያን ጊዜ ስልክ የሚያነሳ ሰው ቁጥር አይጠራም፤ «ስኪፕን አገናኚኝ» ወይም «ፔጊ ቤት አለች?» ይላል እንጂ። አርዲስም በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ወንበር ሥር ቁጭ ብለው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ስላደጉ፣ ፔጊ የተባለችው በክርስትና ማርጋሬት እንደሆነች፣ ስኪፕ የተባሉት ደግሞ እኒሁ አቶ ኖርበርት ላንግ እንደሆኑ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ አወቁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ መንደር ግን መልአኩ ባወጣው ስም የሚጠራ ሰው ብዙም የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንድ ክፍል ብቻ በነበራት የገጠር ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሁለተኛ ደረጃን በማዕረግ ጨርሰው፣ ከዚያም በኪርኒ የመምህራን ኮሌጅ ሒሳብ አጥንተው ተመረቁ። በመምህርነት ሲያገለግሉ ከወንድሜ ከለሮይ ጋር ተዋወቁና፣ እነ ቭራና ዘራቸው ከቼክ አገር ነውና እናታችን «ቼኮች ለጋብቻ አይሆኑም» ብለው ቢያኮርፉም፣ በዚህችው በቅድስት ሉድሚላ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት ተጋብተው ካርላንና ግሌንን ወለዱ። እናታችን አርዲስ የጋገሩትን ኮላች የተባለ የቼኮች ጣፋጭ ዳቦ ከቀመሱ በኋላ ኩርፊያቸውን ትተዋል። በሒሳብ ክፍላቸው ውስጥ ያለፍነው ሁሉ የምንመሰክረው አንድ ነገር አለ፤ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንዴት እንደደረስክበት ካላሳየሃቸው ዜሮ ነበር የሚሰጡት።

ከመምህርነት በጡረታ ሲሰናበቱ፣ የአቶ ላንግ አባት ያቋቋሙትን የሉፕ ሸለቆ ፋውንዴሽን የተባለ የእርዳታ ድርጅት እንዲመሩ፣ የማዳበሪያ መደብር ያላቸው አቶ ላንግ ራሳቸው ቤታቸው ድረስ መጥተው ለመኗቸው። ፋውንዴሽኑ በየገጠሩ ቤት የጉድጓድ ውሃ ማጣሪያ ያስገባ ነበር፤ ከማሳው ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው የማዳበሪያ ናይትሬት ለሕፃናት መርዝ መሆኑን ዛሬ የማያውቅ የለምና። ወይዘሮ አርዲስ ግን ያወቁት በሪፖርት አልነበረም። የካርላ ልጅ ብሪን በተወለደች በጥቂት ሳምንቷ፣ የጡጦዋ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ይበጠበጥ ስለነበረ፣ ከንፈሯና ጣቶቿ ሰማያዊ ሆኑ። በሄሊኮፕተር ወደ ኦማሃ ስትወሰድ ወጪዋን የሸፈኑት አቶ ላንግ ናቸው። ልጅቷ ተረፈች፤ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች።

ከዚያ በኋላ የሉፕ ሸለቆ እናቶች ወደ ግዛታችን ዋና ከተማ ወደ ሊንከን መመላለስ ጀመሩ። ከማዳበሪያ ሻጮች ገቢ ጥቂት ተቀንሶ ጉድጓዶች እንዲመረመሩበት የሚያዝ ረቂቅ ሕግ በየዓመቱ ቀርቦ፣ በየዓመቱ ኮሚቴው ውስጥ በእኩል ድምፅ ይወድቅ ነበር። ሴናተሮቹ እናቶቹን ያዳምጣሉ፣ እጃቸውን ይጨብጣሉ፣ አንዳንዱም ዓይኑን ይጠርጋል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ። በአንድ የቦርድ ስብሰባ ላይ ወይዘሮ አርዲስ፣ «ማጣሪያ ስንገዛ ልንኖር ነው? ያልሰሙን መስሎን ጮኽን። ሰምተውናል። እንግዲህ ከእኛ በፊት ማንን እንደሰሙ እንይ» አሉ።

ለማየት ያሰቡት እነዚያ ሴናተሮች ለምርጫ ዘመቻቸው ከማን ምን ያህል እንደተቀበሉ የሚያሳየውን የግዛቱን መረጃ ነበር። የቦርዱ ጠበቃ ደንግጠው፣ «አርዲስ፣ የእርዳታ ድርጅት ፖለቲካ ውስጥ እጁን ካስገባ ከግብር ነጻ መሆኑ ይቀርበታል» ቢሏቸው፣ «ሕጉ የከለከለን እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ ማለት ነው። ማን ለማን ሰጠ የሚለውን ሕዝብ እንዲያየው መንግሥት ራሱ አውጥቶታል። እኛ ብናየው ዓይናችን ይጠፋል?» ብለው መለሱላቸው። ጠበቃው መጻሕፍቶቻቸውን አገላብጠው ልክ መሆናቸውን አመኑ። ሥራውም ተጀመረ፤ ስሙንም «ማን ለማን ሰጠ» አሉት።

ከኦማሃ የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ መረጃውን ደርድራ ስትጨርስ፣ ከማዳበሪያ ንግድ የመጣው ገንዘብ ብዙም እንዳልሆነና ለጋሾቹ የተበታተኑ ሰዎች እንደሆኑ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አርዲስ ስሞቹን አንድ በአንድ አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺ ፔጊና ይቺ ማርጋሬት አንድ ናቸው፤ ባሏ ማዳበሪያ ይጭናል። ይኼ ጃክና ይኼ ጆንም አንድ ናቸው፤ የሷ ወንድም ነው» እያሉ ከልጅቷ ጋር ሁለት ክረምት አብረው ሠሩ። ኮምፒውተሩም ስምን ከስም ማዛመድ፣ እሳቸውም ኮምፒውተር ተማሩ። የተበታተኑ የመሰሉት ሰዎች ተሰብስበው ጥቂት ቤተሰቦች ሆኑ፤ ረቂቁን ከጣሉት ሴናተሮች የአብዛኞቹን ዘመቻ የደገፉትም እነዚሁ ቤተሰቦች ነበሩ።

መቼም ከቤተሰብ ወሬ አይደበቅምና፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ላቨርን ዴትመር የሚባል፣ ሦስት መቶ ዶላር የሰጠ ሰውም ነበረ። እሱ እኔ ነኝ። ማዳበሪያ ገዝቼ በቆሎ አበቅላለሁ፣ ለወደድኩት ሴናተር እሰጣለሁ፤ ያኔም መብቴ ነበር፣ አሁንም መብቴ ነው፣ ጆሮዬን እዩት። በፋሲካ ገበታ ላይ፣ «የገዛ ባልሽን ወንድም ታወጪዋለሽ?» ብዬ ብቆጣ፣ «ካላፈርክበት ምን ያስቆጣሃል? ድንቹን አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው።

ስሙ የሚወጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተደውሎለት እንዲጠየቅ ደንብ ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ለሁሉም ደወሉ። በመጨረሻው ወር ግን ትልቁን መዋጮ በሰጡት ሰዎች መካከል ኖርበርት ላንግ የሚል ስም አገኙ። ኖርበርት ላንግ ማለት እሳቸው ከሚያውቁት ከስኪፕ፣ ማለትም የልጅ ልጃቸውን ካተረፉት ከሰብሳቢያቸው ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው አመኑ። ብደውልላቸው ተይው ይሉኛል፣ ተይው ካሉኝ ደግሞ እምቢ የምልበት አንደበት የለኝም ብለው ፈሩ። ያቺ የስልክ አገናኝ ልጅ ያን አንድ ስልክ ሳይደውሉ ቀሩ።

በሊንከን በተደረገው የሕዝብ አስተያየት መስጫ ስብሰባ ላይ ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው፣ ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ ከጠሩ በኋላ፣ «የራሳችንን ብደብቅ የሌላውን ልናገር አይገባኝም፤ የፋውንዴሽናችን ሰብሳቢ አቶ ኖርበርት ላንግም አሉበት» አሉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አቶ ላንግ ከተቀመጡበት ተነሡ። «አርዲስ፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ሲገረጣ ሁላችንም አየን። «ልጄ ነው» አሉ። «ስሙ ስሜ ነው።»

በእኛ ዘንድ አባት ለልጁ የገዛ ስሙን ይሰጣል። የአቶ ላንግ ልጅ ግን ከእናቱ ጋር በዴንቨር አድጎ፣ የአባቱን የማዳበሪያ መደብር ሊመራ ሲመለስ ሁላችንም ቡች ስንለው ኖርን እንጂ፣ ኖርበርት መባሉን የጠየቀ አልነበረም። በዚያ በእናታቸው የስልክ ማዞሪያ ያላለፈ ብቸኛ ስም የእሱ ነበር። አባትየው በአንድ እጃቸው ማጣሪያ ሲገዙ ልጃቸው ረቂቁን ለሚጥሉት ሲሰጥ እንደኖረ፣ እሳቸውም የሰሙት ከእኛ ጋር፣ እዚያው ነው። ወይዘሮ አርዲስ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብለው፣ «ተሳስቻለሁ። አቶ ላንግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባትየው አለመሆናቸው ይመዝገብልኝ» አሉ። በዚያ ቢያበቁ ኖሮ ነገሩ በረደ ነበር። እሳቸው ግን መልሱን ጀምረው የሚተዉ ሰው አልነበሩምና፣ «የሰጠው ልጃቸው መሆኑም ይመዝገብልኝ» ብለው ጨመሩ።

ረቂቁ በዚያም ዓመት ወደቀ። አቶ ላንግ ለፋውንዴሽኑ ሊሰጡ ቃል የገቡትን ገንዘብ ከለከሉ፣ ማጣሪያ ማስገባቱም ቆመ። «ማን ለማን ሰጠ» ይዘጋ የሚል ሐሳብ ለቦርዱ ቀረበ። ወይዘሮ አርዲስ ስህተታቸውን በጋዜጣ አርመው፣ በየቡና ቤቱ ለሚያገኙት ሁሉ ደግመው ተናገሩ፤ የቀረውን ግን አንድ መስመር አላነሱም። ብዙዎቻችሁ «ለውለታ ቢስነት ወደር የላትም» ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ አበባ ይዛችሁ የመጣችሁ ጭምር። እሳቸውም ሰምተዋል፤ አልቅሰዋልም።

በዚህ መካከል የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ባለቤታቸው ለሮይ ቀድሟቸው አርፎ ስለነበር ካርላና ግሌን እየተፈራረቁ አስታመሟቸው፤ እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው የጎደሉ ስሞችን ያርሙ ነበር። ለአቶ ላንግ ስልክ እንዲደወልላቸው ጠይቀው ተደወለ፤ አልተነሳም። ባለፈው እሑድ፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ቦርዱ በፊታችን ሐሙስ ድምፅ ይሰጣል። ሦስቱ ይዘጋ፣ ሦስቱ ይቀጥል ብለዋል። የቀረው የሰብሳቢው ድምፅ ነው።

ወይዘሮ አርዲስ የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ከኋላቸው የሚያዝኑትን በቅጽል ስም እንዳልጠራ አዝዘውኛልና፦ ልጃቸውን ካርላ ማሪ ዴትመርን፣ ልጃቸውን ግሌን ኤሚል ዴትመርን፣ የልጅ ልጃቸውን ብሪን ኤልዛቤትን፣ እኔን ላቨርን አውጉስት ዴትመርንም ትተው ሄደዋል። በአበባ ፋንታ ስጦታ የሚሰጥ ሁሉ ለ«ማን ለማን ሰጠ» እንዲሰጥ፣ በሩ ላይ ባለው ወረቀትም ሙሉ ስሙንና ሥራውን እንዲጽፍ፣ የጻፈውም በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ተናዝዘዋል።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። የቀረውን ዛሬ ጠዋት፣ በሩ ላይ ቆሜ ጨመርኩት። ከእኛ ከቤተሰቡ አስቀድሞ የመጣ ሰው ነበረ። የጻፈውን ኑዛዜው እንደሚያዘው አነባለሁ፦ «ኖርበርት አሎይስ ላንግ፣ አባትየው። ማዳበሪያ ነጋዴ።» ከእሱ ሥር ያለው መስመር ባዶ ነው። ልጃቸው ቡች ከጎናቸው ተቀምጧል፤ እስክሪብቶውም በሩ ላይ አለ።

በሁሉም ዘንድ በልዩ ልዩ ስም የምንጠራውን እኛን አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ ማንም ሳያገናኘው የሁሉን ድምፅ የሚሰማ፣ አባትን ከልጅ የማያሳስት አምላክ፣ የአርዲስ ሉድሚላን ነፍስ በሙሉ ስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን። አሜን።