ለሚመለከተው ሁሉ

ማመልከቻ ጸሐፊው ሽማግሌ በጤና ጣቢያው መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው በተቅማጥና በትውከት ደክማ ውስጥ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሽማግሌው ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ሆነው የብዕራቸውን ክዳን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው ብሶት ሲጽፍ የኖረ እጅ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ከላቦራቶሪው በኩል አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት የውሃ ጠርሙሶች በሣጥን ይዛ ብቅ አለች። የጎረቤታቸው የአናጢው ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት የገባችበትን ማመልከቻ ሳይቀር የጻፉላት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የጤና ጣቢያው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆናለች። ስታያቸው ሣጥኑን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«አባባ፣ ልጅቷ እንዴት አደረች?»

«ተመስገን፣ ዛሬ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ያ ጠርሙስ ምንድን ነው?»

«የሰፈራችን ጉድጓድ ውሃ ነው። መርምረነው የመጸዳጃ ፍሳሽ ገብቶበት አገኘነው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ይኸውልሽ! እኔ እንደሆንኩ ዝም አላልኩም። ውሃው ሽታ ካመጣ ጀምሮ አራት ጊዜ ጻፍኩ። እግሬ እስኪነቃ ተመላለስኩ። ውሃ መሥሪያ ቤት ወደ ጤና፣ ጤና ወደ ማዘጋጃ ቤት፤ እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ!»

«ለማን ብለው ነበር የጻፉት?»

«ለሚመለከተው ሁሉ ነዋ! መንግሥት አንድ አይደለም እንዴ? አንዱ ለአንዱ ማስተላለፍ ካቃተው ጥፋቱ የኔ ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ በሽማግሌው ለመፍረድ አትቸኩል። ደጅ የጠና ሁሉ ይህን ብሏል።

ወጣቷ አጠገባቸው ተቀመጠች። «መንግሥት አንድ ነው፤ ሥራው ግን ተከፋፍሏል። ጉድጓዱን የሚቆፍረውና ፓምፑን የሚጠግነው ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ውሃው ለመጠጥ መሆን አለመሆኑን የምንመረምረው፣ የየቤቱን መጸዳጃ የምንከታተለው እኛ ጤናዎች ነን። የፍሳሽ መኪና የሚልከው ማዘጋጃ ቤት ነው። የትምህርት ቤቶች መጸዳጃ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው፤ ለሁሉም በጀት የሚለቀው ደግሞ ገንዘብ ሚኒስቴር። ላይ ያሉት ሚኒስትሮች ድርሻቸውን ለይተው ተፈራርመዋል። እኛም እዚህ ታች በወር አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን።»

«ለማምለጫ የተመቸ ነዋ! ድሮ አንድ ሹም ነበር። ቢያለማም ቢያጠፋም እሱን እንይዝ ነበር። ዛሬ አምስት ሆነው የማንን እጅ ልያዝ?»

«እውነትዎን ነው፤ ድርሻው ካልታወቀ ለማምለጥ ይመቻል። እኛም ጋ ጥፋት አለ፤ ማመልከቻዎ ስብሰባችን ላይ ቀርቦ ሁላችንም ሌላው ያየዋል ብለን አለፍነው። ግን አባባ፣ ያ ሹም ፓምፕ መጠገንም፣ ውሃ መመርመርም ያውቅ ነበር?»

ሽማግሌው የብዕራቸውን ክዳን ዘጉ።

«የጻፉት ደግሞ ‹ጉድጓዱ ይታይልን› ብቻ ነው። የውሃ ሰዎች መጡ፣ ፓምፑን አዩ፣ ደህና ነው ብለው ሄዱ። ስለ ሽንት ቤት አንድ ቃል የለበትም።»

«እንዴት አድርጌ! በዚህ ብዕር፣ ለተከበረ መሥሪያ ቤት፣ ያንን ነገር ልጻፍ? ነውር አይደለም?»

ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ክረምት ከኛ የተላከው ቅጽስ ደርሶዎት ነበር? በጉድጓዱ አቅራቢያ ያሉ መጸዳጃዎች ይመዝገቡ የሚለው?»

ደርሷቸዋል። የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ እሳቸው ናቸው። ‹በውሃ ጉዳይ ጤናን ምን አገባው› ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲህም አላዩትም። ሽማግሌው ወደ ተዘጋው በር ተመለከቱ።

«ለጉድጓዱ ቅርቡ የኔ ሽንት ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዐሥራ አንድ እርምጃ። ልጄን ያሳመምኳት እኔ ነኝ።»

«ብቻዎን አይደሉም። ሁላችንም ነን። አሁን ግን ብዕርዎ ያስፈልገናል።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ሆነው አራት ደብዳቤ ጻፉ። ለውሃ መሥሪያ ቤት፦ ጉድጓዱ ይታሸግ፣ እስኪጸዳም ውሃ በቦቴ ይምጣልን። ለማዘጋጃ ቤት፦ የሞሉት ሽንት ቤቶች ይመጠጡ፣ ራቅ ያለ ቦታ ይሰጠን። ለጤና ጣቢያው፦ ምርመራው በየወሩ ይሁን። ‹ሽንት ቤት› የሚለውን ቃል በዚያ በሚያምር እጃቸው ሳያሳጥሩ ጻፉት። አራተኛው ለጎረቤቶቻቸው ነበር፦ ለጉድጓዱ የቀረቡ ሽንት ቤቶች ይፍረሱ፤ ከሚፈርሱት በመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፈረው የራሳቸው ነበር።

ሁሉም በአንድ ሳምንት አልተፈጸመም። ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሳልፏል። ነገር ግን የማን ድርሻ እንደቀረ ስለታወቀ፣ በወሩ ስብሰባ በስሙ ተጠየቀና መኪናው መጣ። ቅርብ የነበሩት ሽንት ቤቶች ፈርሰው ራቅ ብለው ተሠሩ፤ ጉድጓዱ ታጥቦ በመድኃኒት ታከመ፤ አፉም በሲሚንቶ ተሠራ። በተከታዩ ክረምት ከዚያ ሰፈር በተቅማጥ የተኛ ልጅ አልነበረም። ልጅቷም ድና ትምህርት ቤት ገባች፤ የመግቢያ ማመልከቻዋን ማን እንደጻፈው መናገር አያሻም።

ሽማግሌው ዛሬም በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ይጽፋሉ። ‹ለሚመለከተው ሁሉ ብለው ይጻፉልኝ› የሚል ባለጉዳይ ሲመጣባቸው ግን ብዕራቸውን ይከድኑና እንዲህ ይላሉ፦

«እጽፍልዎታለሁ። መጀመሪያ ግን የእርስዎ ድርሻ የቱ እንደሆነ ይንገሩኝ።»