የኦቦ መገርሳ ክብሪትና የእድራችን ማህተም

እስከ ጥቅምት ሃያ ሁለት ጠዋት ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ሱሉልታ ያለው እድራችን ሰማንያ ስምንት አባወራ አለው። ካናቢስ፣ ማለትም የሐሺሹ ተክል፣ ለሕክምና እንዲፈቀድ፣ የማያሰክረው ዝርያው ሄምፕም በፈቃድ እንዲዘራ የሚጠይቀውን ማመልከቻ የፈረሙት ሠላሳ አራቱ ናቸው። ማህተም አላረፈበትም፤ ማህተሙ ያለው በሊቀመንበሩ በኦቦ መገርሳ ኪስ ነው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ቤቴል የሚጥል በሽታ አለባት፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ወድቃለች። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሮላት አልያዘላትም። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ሁለት የክብሪት ጠባሳ አለ። ይህን የማውቀው ጎረቤታቸውና የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በላቦራቶሪ ስለሠራሁም ያልቆጠርኩትን አላወራም።

የዚያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሳንቀጣጠር ተገናኘን። ኦቦ መገርሳ ቤቴልን ለሐኪም ቀጠሮ ይዘዋታል። አጠገባቸው የባለሱቁ የሀሰኖ ልጅ ሬሐና ተቀመጠች። የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ ማመልከቻውን ያረቀቀችውም እሷ ናት።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ መገርሳ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ስለዚያ ወረቀት ከሆነ ግን አታድክሚኝ።»

«ይኸው አራተኛ ጊዜዬ ነው፤ እኔም ደክሞኛል።»

«የሀሰኖ ልጅ፣ አባትሽ ስኳር ይሸጥልናል። አንቺ ደግሞ ሐሺሽ ልትሸጪልን ነው?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሬሐና አልሳቀችም።

«የሚጨስ ነገር አልጠየቅንም፣ ኦቦ። ከተክሉ የሚወጣ፣ ተጣርቶና ተለክቶ የሚሰጥ ዘይት ነው። ሌላ መድኃኒት ያልያዘላቸውን አንዳንድ ልጆች መውደቃቸውን ይቀንስላቸዋል። አንዳንድ ነው ያልኩት፤ ለቤቴል ይሆናል ብዬ አልምልም። ግን ዛሬ ሐኪሟ ልዘዝላት ቢል እንኳ አይችልም።»

«የተከለከለው በምክንያት ነው። መንገድ ዳር የሚያጨሱትን አታዪያቸውም?»

«አያለሁ። ክልከላው እያለ ነው የሚያጨሱት! ሆስፒታል ሱስ የሚያስይዘውን የሕመም ማስታገሻ ሞርፊንን ይሰጣል፤ ተቆልፎበት፣ ተመዝግቦ። በዚያ ምክንያት ሱሉልታ ሰክራለች?»

«ሄምፑስ? ገብሴን ነቅዬ ሱስ ልዝራ?»

«ሄምፕ አያሰክርም፤ ግንዱ ገመድና ጆንያ ይሆናል። ገብስዎን ይንቀሉ ያለ የለም። በፈቃድ ከማሳ ጥግ ይሞከር፣ ናሙናው ይመርመር፣ የሚያሰክር ሆኖ የተገኘው ይነቀል ነው ያልነው።»

እዚህ ላይ መናገር ያለብኝ አለ። ኦቦ መገርሳ ማመልከቻውን አላነበቡትም። አራት ጊዜ ሰጥቻቸው አራት ጊዜ አጥፈው መልሰውልኛል። ሰው ያላነበበውን ወረቀት በየነጥቡ ሲያወግዝ መስማት ያሳብዳል።

ሚኒባሱ አቀበቱን ሲጀምር ቤቴል ደርቃ ወደቀች። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ መገርሳ ግን የራሳቸውን ጭረው ጭሱን ወደ አፍንጫዋ እያስጠጉ ነበር።

ሬሐና እጃቸውን ያዘች። በሽማግሌ ላይ እንዲህ አይደረግም፤ እሷ ግን አደረገችው። እሳቱን እፍ ብላ አጠፋችና ልጅቷን በጎኗ አስተኝታ ሻርፗን ከጭንቅላቷ ሥር አደረገች። «ሰዓት ያዙልኝ» አለችኝ፣ «አምስት ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።»

ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ቆየና ለቀቃት።

«ያለ ጭስ ተነሳች» አሉ ኦቦ መገርሳ ቀስ ብለው።

«ሁልጊዜም በራሷ ነው የምትነሳው። ክብሪቱ ያተረፈላት ጠባሳ ነው። ጭስ ፈርተው ማህተም ይከለክሉናል፤ ይህችን ልጅ ጭስ የሚያሸትቷት ግን እርስዎ ነዎት!»

ኦቦ መገርሳ የጠፋውን ክብሪት ከእጃቸው ጣሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳያነሱ፣ «ማህተሜ ካረፈ ለማን ብሎ ነው ይባላል። በሽታው ይታወቃል። ነገ ማን ያገባታል ብዬ ነው» አሉ።

«አሁን አሥራ አንድ ሰው አይቷታል» አልኳቸው፣ «አንድም አልሸሸም።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ማመልከቻውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ አነበቡ።

«‹በሐኪም ትእዛዝ ብቻ› ይላል እኮ!»

«ከመጀመሪያውም ይላል» አለች ሬሐና።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሬሐና ግንባሯን የፊት ወንበር ላይ አስደገፈች። ኦቦ መገርሳ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ማህተሙን አሳረፉበት።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ራሳቸው ተነስተው ተናገሩ። «ልጅ ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ክብሪት አትጫሩ። መድኃኒቱ ቢፈቀድ በሐኪም እጅ፣ በልኩ ይሰጣል፤ ከጓሮ ተደብቆ አይገዛም። ሄምፑም ቢፈቀድ ገበሬው በግልጽ ዘርቶ በግልጽ ይሸጣል። ያላነበበ አይቃወም፤ እኔ አፍሬበታለሁ።»

ሕጉ እስካሁን አልተለወጠም፤ ቤቴልም ዘይቱን አላገኘችም። ማመልከቻው ግን ለመንግሥት ገብቶ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሠላሳ አራት የነበረው ፈራሚም ሰባ አንድ ደርሷል። በኅዳር ወር ቤቴል አሥራ ሦስት ጊዜ ወደቀች። የተጫረ ክብሪት የለም።