ወርቁ እሳት ሳይነካው

ፒያሳ ላይ አርባ ዓመት ወርቅ የሠሩት አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ወርቅ ጨብጠው በንዴት ከሱቃቸው ሲወጡ፣ ፎቁ ላይ ማስታወቂያ ከምትነድፈው ጎረቤታቸው ከኤዶም ጋር ደረጃው ሥር ተላተሙ።

"ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ! ምነው፣ ደኅና አይደሉም?"

"ምን ደኅንነት አለ ልጄ! የወይዘሮ ሙሉዓለምን ወርቅ ልመልስ ነው። ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ሐብል ሦስት ጊዜ ሠራሁ፤ ሦስቴም 'አላማረኝም' ብለው አስቀለጡኝ። ሠርጉ እሑድ ነው። በቃኝ! ሱቁንም እዘጋዋለሁ!"

ንዴት አናግሯቸው እንጂ፣ ከዚያ ሱቅ ወጥተው አንድ ሳምንትም አይቆዩ!

"ከመሥራትዎ በፊት ንድፍ አሳይተው አስፈርመዋቸዋል?"

"የምን ንድፍ? በቃል ተነጋገርን። የሃያ ዓመት ደንበኛዬን ላስፈርም? አላመንኩዎትም ማለት እኮ ነው፤ ነውር ነው!"

"ኧረ ጋሼ! 'ቀለል ያለ' ሲባል ለእርስዎ የሚታይዎት ሌላ፣ ለእሳቸው ሌላ። ወረቀቱ ሁለታችሁን አንድ ነገር ያሳያችኋል። እኔም ጋ የሚቆጣ ደንበኛ ይመጣል። አልከራከርም፣ አልለማመጥም፤ 'የቱ ጋ ነው ያላማረዎት? የመጨረሻው ቃልስ የማን ነው?' ብዬ እጠይቃለሁ።"

"የማን ይሆናል? የከፋዩ ነዋ!"

"የምታደርገው ሙሽራስ?"

ሽማግሌው መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱት። እውነት ለመናገር፣ ሙሽራዋን አንድ ቀን እንኳ አላነጋገሯትም። ወዲያው ስልክ ደወሉና እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ፣ ኤዶምም ባለችበት፣ ወደ ሱቁ መጡ።

"ለአራተኛ ጊዜ ሊያበላሹት ነው?" አሉ ወይዘሮ ሙሉዓለም ገና ከበሩ።

የአቶ ወልደጊዮርጊስ ደም ፈላ፤ ግን ንዴታቸውን ዋጥ አደረጉ። "እስቲ ይንገሩኝ፣ የቱ ጋ ነው ያላማረዎት?"

"የመጀመሪያውን እህቴ ቀጠነ አለች፤ ሁለተኛውን የልጄ አማት በጣም ከብዷል አሉ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ጎረቤቶቼ..."

"እርስዎስ?"

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። "እኔማ... ልጄ ደስ ይበላት እንጂ!"

"ናዝራዊት፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉ ወደ ሙሽራዋ ዞረው።

ልጅቷ ፊቷ በራ። "በቀጭን ሰንሰለት ትንሽ መስቀል። ከሠርጉ በኋላም ሥራ ስሄድ የማደርጋት። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።"

ኤዶም እዚያው ባንኮኒው ላይ ነደፈችላት፤ ናዝራዊት "ይህችው ናት!" ብላ ዘለለች። እናትየው ነውር ነው አላሉም፤ እንዲያውም "ምነው ቀድሞ እንዲህ ባደረግን!" እያሉ ከልጃቸው ጋር ንድፉ ላይ ፈረሙ።

ቅዳሜ ሐብሉ ደረሰ። ናዝራዊት አንገቷ ላይ አድርጋ መስታወቱን አልለቅም አለች። አቶ ወልደጊዮርጊስ ደስታው አላስቀምጣቸው ብሎ ወደ ጎረቤት ወርቅ ሠሪዎች ሮጡ።

"ስሙኝማ! መጀመሪያ ንደፉ፣ ጠይቁ፣ ወሳኙን ለዩ፣ ከዚያ አስፈርሙ! ወርቁ በከንቱ አይቀልጥም፣ ዐይናችሁ አይደክምም፣ ሥራው በቀኑ ይደርሳል፣ ወዳጅም አይቀየማችሁም!" አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አርባ ዓመት ሙሉ፣ ስንቷን ሙሽራ ሳልጠይቅ ዳርኳት!"